ኪኔሬትን በብስክሌት መዞር፦ መንገዱ፣ ታሪኩና ከመነሳት በፊት ሊታወቅ የሚገባው

በምንኖርባት እስራኤል በብስክሌት ጉብኝት ከሚደረግባቸው መስመሮች መካከል ሐይቅን፣ ገጠርንና ታሪካዊ ቦታን በአንድ ቀን አጣምሮ የሚያሳየው የኪኔሬት ዙሪያ መንገድ ነው። በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 34 የምድሪቱ ድንበር ሲዘረዘር የሐይቁ ስም ተጠቅሷል፤ ክርስቲያን ወገኖቻችን ደግሞ የገሊላ ባሕር ወይም የጥብርያዶስ ባሕር በሚለው ስም ያውቁታል። ስሙ ባሕር ይባል እንጂ ውሃው የሚጠጣ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር፣ በሰፊው ቦታ ስፋቱ 13 ኪሎ ሜትር፣ የቆዳ ስፋቱ ሲሞላ 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጣና ጋር ካነጻጸርነው ትንሽ ነው፤ ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነውና። ልዩ የሚያደርገው ግን ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መገኘቱ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ጨዋማ ያልሆኑ ሐይቆች ሁሉ ዝቅተኛው እርሱ ነው። ጣና ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ የጎንደርና የጎጃም ሰው ሐይቅ ሲባል የሚያስበውን ቀዝቃዛ ነፋስ በኪኔሬት ዳር በበጋ አይጠብቅ፤ ከሰዓት በፊት እንኳ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በዋናነት ያሰብነው ለውድድር ስለሚጋልቡት ሳይሆን ከልጆቻቸው ጋር አንድ ቀን ወጣ ለማለት ስለሚፈልጉ ቤተሰቦች ነው። በማኅበራዊ ሥራችን ከቤተሰቦች ጋር ስንነጋገር ሁለት ነገሮች ይደጋገሙብናል። አንደኛው የጤና ጉዳይ ነው። ወደ አገር በገባንበት ዘመን የስኳር በሽታ በመካከላችን እምብዛም አይታወቅም ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን በማኅበረሰባችን ውስጥ በብዛት መታየቱን፣ ያውም ወፍራም ባልሆነ ሰው ላይ ጭምር መሆኑን ሐኪሞች በጥናት አረጋግጠዋል። በእግሩ ሱዳን ድረስ የተጓዘ ሰው ዛሬ ከሶፋው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ብቻ የሚሄድ ከሆነ አካሉ ለውጡን ያውቀዋል። ሁለተኛው በወላጅና በልጅ መካከል ያለው ዝምታ ነው። ልጁ በዕብራይስጥ ይናገራል፣ አባት በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይመልሳል፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። በመንገድ ላይ ግን ልጁ ምልክቱን ያነባል፣ አባት ደግሞ ዛፉን፣ ዓሣውንና ነፋሱን ያውቃል፤ ስለዚህ ሁለቱም የሚናገሩት አያጡም።

ከእናቶችና ከአባቶች መካከል ብስክሌት ነድተው የማያውቁ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ልጆቻችን አብዛኞቹ የተማሩት መኪና በማይኖርበት በዮም ኪፑር ቀን በከተማ ጎዳና ላይ ነው፤ አስተስርዮን በጾምና በጸሎት የሚያሳልፉ ሽማግሌዎችን ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚከነክናቸው ሳንዘነጋ ነው ይህን የምንለው። ለትልቅ ሰው የሚሻለው ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ፣ ሁለት እግሩ መሬት እየነካ፣ ፔዳሉን ሳይረግጥ ቀለል ባለ ቁልቁለት ላይ ሚዛን መጠበቅን መለማመድ ነው። ሦስት ጎማ ያላቸው የአዋቂዎች ብስክሌቶችም አሉ። በማንኛውም መንገድ መጀመሪያ በሰፈር መናፈሻ እንጂ በኪኔሬት ክቢሽ ላይ መማር አይገባም።

መቼና በየት በኩል

ተስማሚው ወቅት ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ነው። በፌብሩዋሪና በማርች ኮረብታው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ አበባ ይሞላበታል፤ የአዲስ ዓመትን መስክ ለሚናፍቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። በፋሲካና በሱኮት በዓላት ግን መንገዱ በመኪና ስለሚጨናነቅ ያኔ መሄድን አንመክርም። ሰንበትን ለሚያከብር ቤተሰብ ዓርብ ጥሩ ቀን ይመስላል፤ በክረምት ግን ፀሐይ ከአምስት ሰዓት ከሰዓት በኋላ አስቀድማ ስለምትገባ ዓርብ ዕለት ሙሉውን ዙር ጨርሶ በጊዜ ቤት መድረስ አስቸጋሪ ነው። ዓርብ ከሆነ ግማሹን ብቻ ያቅዱ።

ሙሉው ዙር በአስፋልት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለለመደ ሰው አራት ሰዓት ይበቃዋል፤ እያየ፣ እያረፈና እየበላ ለሚሄድ ግን ከንጋት እስከ ማታ ይወስዳል። ጉዞው በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ቢሆን ይመረጣል፤ ይኸውም ከምዕራብ ዳርቻ ወደ ሰሜን፣ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በእስራኤል የሚነዳው በቀኝ በኩል ስለሆነ እንዲህ ሲኬድ ሐይቁ ሁልጊዜ በቀኝ ይሆናል። ወደ ባሕሩ ዳር ለመውረድ የመኪናውን መንገድ ማቋረጥ አያስፈልግም። ከልጆች ጋር ለሚሄድ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በበጋ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ በኩል ብርቱ ነፋስ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ጠዋት ግን ውሃው እንደ መስተዋት ጸጥ ያለ ነው። ስለዚህ ሲነጋጋ መነሳት ይገባል።

የደቡቡ ጫፍ

መነሻ የምናደርገው ጼማህን ነው፤ የመኪና ማቆሚያ አለ፣ መንገዱም ሜዳ ነው። እዚያው የድሮው የባቡር ጣቢያ ይገኛል። ከሃይፋ የሚመጣው ሐዲድ ጼማህ የደረሰው በ1905 ሲሆን ደማስቆ ድረስ ከሚሄደው የሒጃዝ ባቡር ጋር ይገናኝ ነበር። በሴፕቴምበር 25 ቀን 1918 የአውስትራሊያ ፈረሰኞች ጣቢያውን ከቱርክና ከጀርመን ወታደሮች እጅ በውጊያ ወሰዱት። ከፈረሰኞቹ መካከል አቦሪጂን የሚባሉት ጥቁር የአውስትራሊያ ተወላጆች ነበሩበት። ለአገሩ እየተዋጋ በአገሩ ግን ሙሉ መብት ያልነበረው ወታደር ታሪክ ለኛ ልጆች ብዙ የሚናገረው ስላለው ይህን ቦታ ሳያዩ እንዳያልፉ እንላለን። በ2019 ለእነዚህ ወታደሮች መታሰቢያ የሚሆን፣ አንድን ተዋጊ ከነፈረሱ የሚያሳይ ሐውልት በጣቢያው አጠገብ ቆሟል።

ከጼማህ ጥቂት ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ደጋንያ አለ። የመጀመሪያዋ ክቩጻ፣ ማለትም የኪቡጽ እናት፣ በ1910 የተመሠረተችው እዚህ ነው። በሜይ 1948 የሶርያ ጦር እስከ በሯ ደርሶ የተመለሰ ሲሆን ከዚያ ጦርነት የቀረ ታንክ ዛሬም በግቢው ይታያል። እዚያው አጠገብ የዮርዳኖስ ወንዝ ከሐይቁ ይወጣል፤ መውጫውን የሚቆጣጠረው ግድብ በ1932 ለናሃራይም ኤሌክትሪክ ማመንጫ ተብሎ የተሠራ ነው። ከግድቡ በታች የክርስቲያን ምዕመናን የሚጠመቁበት ያርደኒት ይገኛል። ነጭ ለብሰው የሚወርዱ ሰዎችን ሲያዩ ጥምቀትን በጎንደር ያዩ ሁሉ ትዝታ ይቀሰቀስባቸዋል።

ስለ ሐይቁ መሙላትና መጉደል ጥቂት እንጨምር፤ መንገዱን በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ነውና። የላይኛው ቀይ መስመር የሚባለው ከባሕር ወለል በታች 208.80 ሜትር ነው። ውሃው እዚያ ሲደርስ የደጋንያ ግድብ ይከፈታል። የታችኛው ቀይ መስመር 213 ሜትር ሲሆን ከዚህ በታች ውሃ መሳብ ለሐይቁ አደገኛ ነው ይባላል። ጥቁሩ መስመር ደግሞ 214.87 ሜትር ነው፤ ይህም በ2001 መጨረሻ የተመዘገበው ዝቅተኛ ልክ ነው። በ2020 የጸደይ ወራት ደግሞ ሐይቁ ሊሞላ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር የቀረው። ለብስክሌተኛ ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ ውሃው በጎደለ ዓመት ሰፊ የባሕር ዳር መሬት ይገለጣል፤ በሞላ ዓመት ደግሞ በዳርቻው የሚሄደው የእግርና የብስክሌት ዱካ በአንዳንድ ቦታ በውሃ ይዋጣል ወይም በሸምበቆ ይዘጋል። አምና የሄዱበት ዱካ ዘንድሮ ላይኖር ስለሚችል ሁልጊዜ ወደ አስፋልቱ መመለሻ አስበው ይግቡ።

በኪኔሬት መቃብር ስፍራ ገጣሚዋ ራሔል (በ1931 ያረፈች) እና ዘፋኝና ደራሲ ናኦሚ ሼሜር (በ2004 ያረፈች) ተቀብረዋል። በራሔል መቃብር አጠገብ የግጥሞቿ መጽሐፍ ለጎብኚ ተቀምጧል፤ ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት የተማሯትን ራሳቸው እንዲያስረዷችሁ ጠይቋቸው።

ከጥቬርያ እስከ ቅፍርናሆም

ከዚህ እስከ ጥቬርያ ያለው ክቢሽ 90 የዙሩ አስቸጋሪ ክፍል ነው። መኪና ይበዛበታል፣ የመንገዱ ጠርዝም በየቦታው ይጠባል። በጠዋት የምንነሳበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው፤ ይህን ቁራጭ መኪናው ሳይበዛ ማለፍ ያስፈልጋል። በአንድ ረድፍ፣ ልጅ በመሃል፣ ትልቅ ሰው ከፊትና ከኋላ ሆኖ ይኬዳል። ከጥቬርያ በፊት ፍል ውሃው የሚፈልቅበት ሐማት ጥቬርያ አለ። በአራተኛው መቶ ዘመን የተሠራው የምኩራብ ወለል በጥቃቅን ድንጋይ የተነጠፈ ሲሆን የአሥራ ሁለቱ ከዋክብት ምስል አለበት። ምኩራብ ውስጥ የፀሐይ ሰረገላ ምን ይሠራል ብሎ የሚገረም ካለ ብቻውን አይደለም፤ ሊቃውንቱም ሲከራከሩበት ኖረዋል።

ጥቬርያን ሄሮድስ አንቲጳስ በ20 ዓ.ም. ገደማ ሠርቶ በሮሙ ቄሣር በጢባርዮስ ስም ሰየማት። የኢየሩሳሌም ታልሙድ በአብዛኛው የተዘጋጀው እዚህ ነው፤ በ1204 ያረፈው ራምባም መቃብሩ በከተማይቱ መካከል ነው። ከተማዋ ወደ ተራራው ስለምትወጣ በብስክሌት በታችኛው መንገድ ብቻ ማለፍ ይበቃል። ብስክሌት የሚያከራዩም አሉ።

ከጥቬርያ ሰሜን በግራ የአርቤል ገደል ይታያል፤ ከሥሩ መግደላ ናት። በ2009 ለሆቴል ግንባታ ሲቆፈር ቤተ መቅደስ ሳይፈርስ በፊት የነበረ ምኩራብ ተገኘባት፤ በላዩ ሜኖራ የተቀረጸበት ድንጋይም በውስጡ ነበር። እኛን ይበልጥ የሚያስደስተን ግን ቀጥሎ ያለው ጊኖሳር ነው። በ1986 መጀመሪያ፣ በድርቁ ምክንያት ውሃው ርቆ ሳለ፣ ሁለት የኪቡጹ ዓሣ አጥማጆች ወንድማማች በጭቃው ውስጥ የጀልባ ቅርጽ አዩ። ጀልባዋ 2,000 ዓመት ገደማ ያላት ናት፤ 8 ሜትር ከጥቂት ትረዝማለች። ከጭቃው ለማውጣት 11 ቀን ፈጀ፤ እንጨቱ እንደ ረጠበ ስፖንጅ ስለነበረ በአረፋ ፕላስቲክ ተጠቅልላ በውሃ ላይ ተንሳፋ ተወሰደች። ከዚያም እንዳትፈራርስ ለዓመታት በልዩ ሰም ውስጥ ተነከረች። የሚገርመው አሥራ ሁለት ዓይነት እንጨት ተገኝቶባታል። ይህም ባለቤቷ አዲስ ጣውላ የመግዛት አቅም አልነበረውም፣ ከአሮጌ እየነቀለ ይለጥፋት ነበር ማለት ነው። ድሃ ሰው ዕቃውን እንዴት እንደሚያኖር ለሚያውቅ የኛ ትውልድ ይህች ጀልባ ከቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ሁሉ ትበልጣለች።

ጊኖሳርን እንዳለፉ ከ1964 ጀምሮ ውሃውን ወደ ደቡብ ሲስብ የኖረው የአገሪቱ ትልቅ የውሃ መስመር ማንሻ ጣቢያ አለ። ቀጥሎ ክቢሽ 90 ወደ ላይ ሲወጣ እኛ በቀኝ ወደ ክቢሽ 87 እንታጠፋለን። ከታብጋ እስከ ቅፍርናሆም የእግረኛ መንገድ ስለተሠራ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ነው፤ ለእግረኛ ቅድሚያ እየሰጡ ቀስ ብሎ መሄድ ይገባል። በቅፍርናሆም ነጩ ምኩራብ በጥቁር ድንጋይ መሠረት ላይ ቆሟል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋልና በብስክሌት ቁምጣ የመጣ ሰው ነጠላ ቢጤ ይያዝ።

ምሥራቁ ዳርቻ

ዮርዳኖስን በአሪክ ድልድይ ተሻግረን ወደ ክቢሽ 92 ስንገባ መኪናው ይቀንሳል፤ መንገዱ ግን ዳገትና ቁልቁለት አለው። ሰው የሚደክመው እዚህ ነው። ኩርሲ ላይ በ1970 መንገድ ሲሠራ የተገኘ ሰፊ የባይዛንታይን ገዳም አለ። ከዚያ በ1937 የተመሠረተችው ኤን ጌቭ ትመጣለች፤ ከበላይዋ በ749 በምድር መንቀጥቀጥ የፈረሰችው የሱሲታ ከተማ ኮረብታ ላይ ትታያለች። ወደ ላይ መውጣት ጉልበት ለተረፈው ብቻ ነው። እስከ 1967 ድረስ ከዚህ በላይ ያለው ተራራ በሶርያ እጅ ነበር።

በዚህ በኩል ምሳ ለሚበላ በዕብራይስጥ አምኑን የሚባለው ዓሣ የታወቀ ነው። የጣናው ቆሮሶ ዘመድ ነው። በሐይቁ ውስጥ አምባዛም አለ፤ ጣና ውስጥ ያለው ያው አምባዛ። ቅርፊት ስለሌለው ግን በኦሪት ሕግ አይበላም፤ ይህን ከልጆቹ ይልቅ ሽማግሌዎቹ ያውቁታል።

ስለ ባሕር ዳር ክፍያ ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። በ2008 ለኪኔሬት ዳርቻ ልዩ ሕግ ከወጣ ወዲህ በሕዝብ ዳርቻዎች የሚከፈለው በአብዛኛው ለመኪና ማቆሚያ እንጂ ለሰው አይደለም። በብስክሌት ወይም በእግር የመጣ በነጻ ይገባል። የመዝናኛ ውሃ ያላቸው የግል ቦታዎች የተለዩ ናቸው። መዋኘት ግን ጠባቂ ባለበት ብቻ ነው፤ በነፋስ ጊዜ የፕላስቲክ ፍራሽ ይዞ የገባ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ጥልቁ ይወሰዳል።

ከመነሳት በፊት

ከከተማ ውጭ ቃስዳ ለሁሉም ሰው ግዴታ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ከተማ ውስጥም ግዴታ ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከ16 ዓመት በታች ሕጉ ይከለክላል። ጎረምሶች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ወላጅ ግን ሊያውቀው ይገባል። ፍሬኑን፣ ካቴናውንና የጎማውን ንፋስ ከቤት ሳይወጡ ይዩ። መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ መንፊያ፣ ቁልፍ፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ይያዙ። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ ያስፈልጋል።

የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ መጀመሪያ የቤተሰብ ሐኪምዎን ወይም ነርስዎን ያማክሩ። በተለይ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ፔዳል እየረገጠ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ረሃብና መደናገር ነው። መድኃኒቱ ወዲያው ጣፋጭ መጠጥ ወይም ቴምር መውሰድ፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ልካችሁን መለኪያውን በኪስ እንጂ በመኪና አትተዉት። አብሮት የሚሄደው ልጅ ምልክቱን አስቀድሞ ይወቅ። አባት በልጁ ፊት ላለመድከም ብሎ ዝም የሚልበት ጊዜ አለና። አስቸኳይ እርዳታ በ101 ይጠራል።

60 ኪሎ ሜትር ለበዛበት ሰው ከጼማህ እስከ ያርደኒት ሄዶ መመለስ በቂ ነው፤ ሜዳ ነው፣ ጥላም አለው። ሌላው ሜዳ መስመር በሰሜን ያለው አጋሞን ሑላ ነው። የሑላ ሐይቅ በ1950ዎቹ ለእርሻ ተብሎ ደረቀ፤ አፈሩ ግን እየተቃጠለና እየሰመጠ ስላስቸገረ በ1994 ከፊሉ ተመልሶ በውሃ ተሞላ። ዙሪያው 10 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ መኪና ስለማይገባበት አሁን ለተማረች እናት እንኳ ይሆናል፤ ብስክሌትም እዚያው ይከራያል። በክረምት በዕብራይስጥ አጉር የሚባሉት ባለ ረጅም አንገት ወፎች በአሥር ሺዎች ይሰፍሩበታል። በ2021 መጨረሻ በወፍ ጉንፋን በሺዎች አልቀዋል፤ ሌሎቹ ግን መምጣታቸውን አላቋረጡም። ከፊሎቹ እዚህ አርፈው ጉዟቸውን እስከ ኢትዮጵያ ይቀጥላሉ፤ በጣና ዙሪያ እርሻ ላይ የሚታዩት እነዚሁ ናቸው።

ከኦክቶበር 2023 ጦርነት ወዲህ በሰሜን በኩል ቦታዎች ሊዘጉ ስለሚችሉ ከመነሳት አንድ ቀን በፊት የፒኩድ ሃኦሬፍን መመሪያ ይመልከቱ። ለአጋሞን ሑላ ደግሞ መግቢያ ክፍያ ስላለ በሰዓቱ መከፈቱን ደውሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።